ሐይቆች የተካሰሱበት በረንዳ

በዚህ አገር ስሕተት የሚባለው ትንሽ ሰው ሲሠራው ብቻ ነው! ትልቅ ሰው ሲሠራው አስተያየት ይባላል። በጣም ትልቅ ሰው ሲሠራው ደግሞ… መመሪያ። አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲሉ ነገሩን ጀመሩት እንጂ አልጨረሱትም። ከንጉሡ በታች ያሉትን ሹማምንት ዘንግተዋል። ከሹማምንቱ ይልቅ የሚያስፈሩትን፣ ገና ልጃቸውን ያልሰጡ አማቶችንማ ጨርሶ አላነሷቸውም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ጥበብ የፍልስፍና መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁት እንዳይመስልዎ። ከጋዜጣ ነው ያገኘሁት፤ ያውም ከርእሰ አንቀጹ ሳይሆን ከመስቀለኛ ቃላቱ።

ጊዜው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማምሻ ነበር። እኔ በዲላ ከተማ የመልክዓ ምድር አስተማሪ ነበርሁ፤ ጸጉሬ ሙሉ፣ ኮቴ አንድ፣ ንግግሬ ጥቂት። በመምህራን ክፍል ከፊት ለፊቴ የምትቀመጥ ወይንሸት የምትባል የታችኞቹ ክፍሎች አስተማሪ ነበረች። ልቤ ለእርሷ የተከፈተውን ያህል አፌ አልተከፈተም። የአፍሪካን ወንዞች ከምንጫቸው እስከ መድረሻቸው በቃሉ የሚወጣ ሰው፣ በመካከላችን ያለችውን አንዲት ጠረጴዛ መሻገር አቅቶት ዓመቱን ፈጀ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ነገር ግን አይበቅልምም!

ስለዚህ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዬ አቶ በራሶ ነበሩ፤ የአገሩ ተወላጅ፣ በይርጋጨፌ መንገድ የታወቁ የቡናና የከብት ነጋዴ፣ አጥባቂ የወንጌል አማኝ፣ መጠጥ የማይቀምሱ፣ ሐሰት ከአፋቸው የማይወጣ ሰው። ሐሰት አለመናገር ለሽማግሌነት ምን ያህል ከባድ ጉድለት እንደ ሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

«የልጁ ሀብት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋቸው የወይንሸት አባት።

«እስካሁን ምንም የለውም» አሉ አቶ በራሶ።

«ንግግሩስ እንዴት ነው?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«መልክዓ ምድር ያውቃል ይላሉ፣ ግራዝማች።»

የወይንሸት አባት ግራዝማች ዓለሙ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው። ከችሎት ተገለሉ ይባላል እንጂ ችሎቱ ከእርሳቸው አልተገለለም። ውሻ ሲጮህ «ሥርዓት ያዝ!» ይሉታል። ምሳ ሲደርስ «ይምጣ» አይሉም፤ «ይቅረብና ያስረዳ» ይላሉ። እንዲህ ያሉ ሰው «እሺ» ወይም «እምቢ» ብለው ሽማግሌ ይመልሳሉ ብለው እንዳይጠብቁ። ጉዳዩን ቀጠሩት!

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ ይምጣና ጋዜጣውን አብረን እንይ። መልሴን ያን ጊዜ እዚያው እሰጣለሁ።»

አቶ በራሶ ይህን ሲነግሩኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ፈተና ነው፣ መምህር። እኛ በጸሎት እናግዝሃለን፤ አንተ ደግሞ ኮትህን አስተኩስ።»

እዚህ ላይ ስለ ጋዜጣው ጥቂት መናገር ይገባኛል። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባው ጋዜጣ ዲላ የሚደርሰው በአውቶቡስ፣ በማግስቱ ነው። በትናንት ሹመት ዛሬ ደስ ይለናል፤ በትናንት ሽረት ዛሬ እንደነግጣለን። ለግራዝማች የሚመጣው ቅጂ በረንዳቸው ላይ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ይበቃ ነበር። ሹም ሽሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የሞተ ሰው ካለ ከንፈር ይመጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ተገልብጦ መስቀለኛ ቃላቱ ይቀርባል።

መስቀለኛ ቃላቱ በየቀኑ ርዕስ አለው፤ አንድ ቀን ምግብ ነው፣ አንድ ቀን አውሬ፣ አንድ ቀን ቅዱሳት መጻሕፍት። አሞላሉም ሥርዓት አለው። በማዕድ ላይ እንጀራውን የሚቆርሰው ታላቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በግራዝማች በረንዳም የመጀመሪያውን ቃል የሚጽፈው ታላቅ ነው፤ በብዕር፣ በጥቁር ቀለም። ሌሎቻችን ከዚያ በኋላ በእርሳስ እንከተላለን። ታላቅ የቆረሰውን ደግሞ «ይህ ጫፉ አርሯል» ብሎ የሚመልስ የለም። እንጀራውም ቃሉም ይዋጣል!

ቅዳሜ ደረሰ። ኮቴ ተተኮሰ። በረንዳው ላይ ግራዝማች በመደገፊያ ወንበራቸው፣ በቀኛቸው አቶ በራሶ፣ በግራቸው ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ መኩሪያ ተቀምጠዋል። አቶ መኩሪያ ግራዝማች ሳያስነጥሱ በፊት መሐረብ የሚያወጡ ሰው ናቸው። እኔ ከፊት ለፊት፣ አንድ እግሯ አጠር ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ከጀርባዬ መስኮት አለ። በመስኮቱ ውስጥ ወይንሸት ሻይ እየቀዳች ነው፤ ሆኖም አንድ ብርጭቆ ለመቅዳት ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ሻይ በሕይወቴ አላየሁም።

ግራዝማች ሹም ሽሩን አንብበው ጋዜጣውን ገለበጡ።

«የዛሬው ርዕስ፦ የአገራችን መልክዓ ምድር!»

አቶ በራሶ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ይመስገን» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔም በልቤ አሜን አልሁ። ከርዕስ ሁሉ የእኔው ርዕስ! ይህ ፈተና አይደለም፣ ምርቃት ነው አልሁ። ሰው ሲደሰት ቂል ይሆናል፣ አንባቢዬ።

«አንድ፣ አግድም» አሉ ግራዝማች መነጽራቸውን አስተካክለው። «ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋት የሚበልጠው። ሦስት ሣጥን።»

አባያ! ይህን የማያውቅ ዲላ ውስጥ አለ? ከከተማው ወጣ ብለው ከምዕራቡ ኮረብታ ላይ ቢቆሙ ቁልቁል የሚያዩት ውሃ ነው፤ ተማሪዎቼን በየዓመቱ እዚያ አቁሜ በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ግራዝማች ግን ብዕራቸውን ነከሩ፤ ለአፍታም አላመነቱም።

«አዋሳ!» ብለው ጻፉት። አ… ዋ… ሳ። ሦስት ሣጥን፣ ልክክ!

ከመስኮቱ የሻይ መቅዳቱ ድምፅ ተቋረጠ።

«አዋሳ!» አሉ አቶ መኩሪያ። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ባስብ አይመጣልኝም ነበር!»

ይህ እውነት ነው፤ ለማንም አይመጣለትም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የሣጥኖቹን አቀማመጥ ማየት ይበቃል። ከሁለተኛው ሣጥን ወደ ታች አንድ ወንዝ ይወርዳል፦ «በጋምቤላ በኩል የሚፈስ፣ ጀልባ የሚመላለስበት፤ ሁለት ሣጥን።» ባሮ ነዋ! ነገር ግን የባሮ «ባ» ባለበት ቦታ ላይ የአዋሳ «ዋ» ተቀምጣለች። ከሦስተኛው ሣጥን ወደ ታች ደግሞ አንድ ከተማ ይወርዳል፦ «በቦረና ምድር የሚገኝ፤ ሦስት ሣጥን።» ያቤሎ ነዋ! የያቤሎን «ያ» ግን የአዋሳ «ሳ» ወርሳታለች።

«መምህር፣ ሁለተኛውን አግድም አንተ ሙላ» አሉኝ ግራዝማች። «በባሌ፣ ከጎባ አጠገብ ያለች ከተማ። ሁለት ሣጥን።»

«ሮቤ» አልሁና በእርሳስ ጻፍሁ። ትክክል ነበርሁ። ጉዴ የፈላው ትክክል በመሆኔ ነው! «ሮ» ከ«ዋ» ሥር፣ «ቤ» ከ«ሳ» ሥር ገጥ አሉ። አቶ መኩሪያ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ዋ… ሮ! ዋሮ! ግራዝማች፣ ወንዙ ወጣ! ዋሮ ወንዝ!»

«ዋሮ የሚባል ወንዝ አለ እንዴ?» አሉ ግራዝማች ራሳቸው፣ ትንሽ ጠርጠር ብለው።

«ባይኖርማ ሮቤ ከየት ትገባ ነበር?» አሉ አቶ መኩሪያ። «መምህሩ የጻፉት እኮ ነው!»

አንባቢዬ፣ እውነት ተናግረው ለሐሰት ምስክር ሆነው ያውቃሉ? እኔ ሆኜ አውቃለሁ፤ በእርሳስ።

«ደግሞም» ቀጠሉ አቶ መኩሪያ፣ «አጎቴ በዚያ አገር ነጋዴ ሳሉ ዋሮን በጀልባ ተሻግረዋል። አዞው! አዞው ለጉድ ነው! ክረምት ክረምት ሞልቶ ድልድይ ይወስዳል።»

ወንዙ ከተወለደ አፍታ ሳይሞላው አዞ አብቅሎ፣ ሞልቶ፣ ድልድይ ወሰደ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ቀረጥ ይጣልበት ነበር።

«ከታች ያለውስ?» አሉ ግራዝማች፣ አሁን ልባቸው ሞልቶ። «ሳ… ቤ… መጨረሻው ሎ ይመስላል። ሳቤሎ። አቶ በራሶ፣ አንተ በዚያ በኩል ከብት ትገዛለህ አይደል? ሳቤሎን ታውቀዋለህ?»

የአቶ በራሶ ግንባር ላብ አወጣ። ሐሰት አይናገሩ፣ ሃይማኖታቸው አይፈቅድም፤ እውነት አይናገሩ፣ ሽማግሌነታቸው አይፈቅድም። ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እርሳቸው ግን ማማሰላቸውን ቀጠሉ።

«ግራዝማች… ከተማውስ አለ። ሄጄበታለሁ፣ በልቼበታለሁ፣ አድሬበታለሁ። ስሙን በሚመለከት ግን… ስም የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ እኔ ምን አግብቶኝ!»

«ይኸው!» አሉ አቶ መኩሪያ። «ተመሰከረ!»

ያን ጊዜ ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሰው ላይ ሊፈርዱ ሲሉ የሚያወልቁት መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት።

«መምህር፣ ዝም አልህ። የዚህ ትምህርት ባለቤት አንተ ነህ። ዋሮ የሚባል ወንዝ አለ ወይስ የለም?»

ጭንቄን ይመልከቱልኝ! «አለ» ካልሁ ወይንሸትን ያገባሁ ይመስላል። ነገር ግን ወይንሸት መስኮቱ ላይ ናት፤ ባሮን ያስተማረች፣ ያቤሎን ያስጻፈች አስተማሪ ናት። ለአባቷ ብሎ ወንዝ የሚፈጥር ሰው ነገ ለእርሷ ምን አይፈጥርም? «የለም» ካልሁ ደግሞ ግራዝማችን በገዛ በረንዳቸው፣ በገዛ ጋዜጣቸው፣ በገዛ ቀለማቸው አዋረድሁ። ያን ጊዜ ወንዙም የለም፣ ሚስትም የለችም። ፊቴ አባት፣ ጀርባዬ ልጅ፤ ከሥሬ ደግሞ ያች አንድ እግሯ አጭር በርጩማ።

ያዳነችኝ በርጩማዋ ናት። ክብደቴን ሳዛውር ተንገዳገደች፣ ልወድቅ ስል ብድግ አልሁ። ሁሉም ልናገር የተነሣሁ መሰላቸው። ከተነሡ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም! ዳኛ ፊት የቆመ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። እኔም ሳላስበው አልሁት።

«አቤት!»

ግራዝማች ቀና አሉ። ከስንት ዘመን በኋላ ይህን ቃል የሰማ ጆሯቸው እንደ ጦር ፈረስ ቆመ።

«አቤት ባዩ ማነው?»

«ባሮ የተባለ ወንዝ ነኝ፣ ጌታዬ» አልሁ። ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም። «ጋምቤላ ነዋሪ። በቦታዬ ላይ ስሙ ከዚህ ቀደም ተሰምቶ የማይታወቅ ዋሮ የሚባል ግለሰብ ከነአዞው ገብቶብኝ አቤት እላለሁ። ከእኔም ጋር ያቤሎ የተባለች ከተማ የስሟን መነሻ ተቀምታ ሜዳ ላይ ቀርታለች። የሁለታችንም መበደል ምክንያቱ አንድ ነው፤ አዋሳ ሐይቅ በወንድማችን በአባያ ርስት ላይ ተኝቷል!»

አቶ መኩሪያ ሻይ ትን አላቸው። አቶ በራሶ «ኢየሱስ!» አሉ። ግራዝማች ግን ብዕራቸውን በቀስታ አስቀመጡ፤ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ተከሳሹ ማነው? እኔ ነኝ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንዴት ተደርጎ! እርስዎማ ዳኛ ነዎት። ተከሳሹ አዋሳ ነው።»

የግራዝማች ጢም በጥቂቱ ስትነቃነቅ አየሁ። «ተከሳሽ ጠበቃ አለው?»

አቶ መኩሪያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዩ፤ ሌላ ሰው አጡ። «እ… አለው፣ ግራዝማች። ደንበኛዬ አዋሳ… የተከበረ ሐይቅ ነው። ዓሣውም እጅግ ይጣፍጣል።»

«ክርክሩ ስለ ስፋት ነው ወይስ ስለ ወጥ?» አሉ ግራዝማች። «ከነገሩ አትውጣ!»

«ስለ ስፋት… በመሠረቱ… ሰፊ ነው።»

«ምስክር ይቅረብ። አቶ በራሶ፣ ተነሥና ማል።»

«ግራዝማች፣ ወንጌል ‹ከቶ አትማሉ› ይላል።»

«እንግዲያውስ ሳትምል እውነቱን ተናገር።»

አቶ በራሶ ከታሰሩበት የተፈቱ ያህል ተነፈሱ። «ግራዝማች፣ እኔ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አዋሳ ዳር ቆሜ ማዶ ያለውን ከብት ነጭ ነው ጥቁር ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ። አባያ ዳር ቆሜ ግን ምን ከብት አመጣ? ማዶውን ራሱን ፈልጌ አጣሁት!»

«ተጨማሪ አለህ?» አሉ ግራዝማች ወደ እኔ።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ፣ ጌታዬ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች! ዛሬ ሦስት ሣጥን የወሰደ ነገ ገጹን ሙሉ ይወስዳል። ባሮ ጀልባ ተሸክሞ አገር እያገለገለ ስሙ በቀለም ቢሰረዝበት፣ ነገ የትኛው ወንዝ በእምነት ይፈስሳል?»

አሁን ሳስበው የትኛውም ወንዝ እምነት ይዞ ፈስሶ አያውቅም። ነገር ግን ሰው በዝምታ ያጠራቀመው ቃል ግድቡን ሲጥስ እንዲህ ነው፤ ጎርፍ አይመርጥም።

ግራዝማች ተነሡ። ሁላችንም ተነሣን። ከመስኮቱም አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

«ግራ ቀኙን ሰምተናል» አሉ። «ምስክርም አይተናል። ተከሳሽ አዋሳ፣ በዓሣው የታወቀና የተከበረ ቢሆንም፣ በአባያ ቦታ ላይ ያለ አግባብ መቀመጡ ተረጋግጧል። ስለዚህ ቦታውን ለቆ ከነዓሣው ወደ ቀድሞ መኖሪያው ይመለስ። ዋሮ የተባለው ወንዝ ከነአዞው ተሰርዟል። ባሮና ያቤሎ ወደ ርስታቸው ይግቡ። ወጪና ኪሣራ ይቻቻሉ!»

ብዕራቸውን አንሥተው በገዛ እጃቸው «አዋሳ»ን ሰረዙ፤ ከበላዩም «አባያ» ብለው ጻፉ። ዲላ ውስጥ ከእርሳቸው በቀር ያን መስመር ሊያሰምር የሚችል እጅ አልነበረም። አቶ መኩሪያ ወዲያው «እኔም አጎቴን ጠርጥሬያቸው ነበር» አሉ።

እኔ ላብ በላብ ሆኜ፣ የድል አድራጊን ፈገግታ ለመደበቅ እየታገልሁ ቆሜያለሁ። አቶ በራሶ ጊዜው መድረሱን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ግራዝማች፣ የተቀጠርንበት ሌላው ጉዳይ…»

«አልረሳሁም» አሉ ግራዝማች። መነጽራቸውን እንደገና አወለቁ! «ልጄን አልሰጥም።»

ወይኔ!

«ምነው ግራዝማች? ልጁ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ እርሱ ነው። ዝምተኛ ነው ብለህ ነበር ያመጣኸው። ይህ ዝምተኛ ነው? ሐይቅ ከሐይቅ አካስሶ፣ እኔን በገዛ ብዕሬ አስፈርዶ፣ ሁላችንንም ደስ አሰኝቶን ተቀመጠ! ነገ ልጄ ከእርሱ ጋር ብትጣላና እኔ ዘንድ ብትመጣ፣ ይህን ምላስ ማን ይረታዋል? ለባለ ሙግት ልጅ አይዳርም። ፈርጃለሁ።»

ርስቱን ለአባያ መልሼ ሚስቴን አጣሁ! ለክርክር የተከፈተው አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ለወንዝ እንዲያ የተናገረ ሰው ለራሱ አንዲት ፊደል አጣ።

በሩ ተከፈተ። ወይንሸት ወጣች፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች።

«አባባ፣ ይግባኝ!»

«የምን ይግባኝ? አንቺ በምን አገባሽ?»

«ይግባኜም እርሱ ነው» አለች። «ሽማግሌ የተላከው ስለ እኔ፤ የተጠየቁት እርስዎ፤ የተፈተነው እርሱ። ባለጉዳዩ እኔ ነኝ፣ አልተሰማሁም። ባለጉዳይ ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ይጸናል?»

ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። በዚህ ነገር ሊቀልዱ አይችሉም። «አይጸናም» አሉ በዝግታ። «ተናገሪ።»

«ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ‹ጠመኔ አቀብዪኝ› ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰልኝም። ድምፁ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ዛሬ ነው። ዘመዱ ላልሆነ፣ ውለታ ላልዋለለት፣ አይቶት እንኳ ለማያውቀው ወንዝ እንዲህ ከቆመ፣ ለእኔ ደግሞ ምን ያህል ይቆም ይሆን?»

አቶ በራሶ መሐረብ ፈለጉ፤ አቶ መኩሪያ የተዘጋጀ ነበራቸውና አቀበሏቸው።

«ብትጣሉስ?» አሉ ግራዝማች። «ይረታሻል እኮ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ዳኛ ነበሩ። ቤት ውስጥ ግን እኔን አንድ ቀን ረትተውኝ ያውቃሉ?»

ግራዝማች ጣራውን አዩ። አሰቡ፣ አሰቡ… ጢማቸው ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ሆዳቸው፣ ከዚያ ወንበሩ። ሲስቁ ውሻው ከግቢው ዳር ጮኸ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርዓት ያዝ አልተባለም።

«የቀድሞው ፍርድ ተሽሯል!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር ይርዳው፣ እኔ ልረዳው አልችልም።»

እኔ በዚያች ቀን ምላሴ መፈታቱን አምኜ ነበር። ወደ ወይንሸት ዞርሁና ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምሁትን ያማረ ንግግር ልጀምር አፌን ከፈትሁ። እርሷ ብርጭቆዬን ሞልታ እጄ ላይ አኖረችልኝና በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ።

«ይበቃል። መዝገቡ ተዘግቷል።»

እነሆ ልጆቻችን ልጆች ወልደዋል። መዝገቡ እስከ ዛሬ አልተከፈተም!